«ደህና» ብቻ የሚቀበለው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ እዚህ እንግሊዝ አገር ኤድመንተን ወዳለው ክሊኒክ ስሄድ፣ መግቢያው ላይ ያለው የመመዝገቢያ ስክሪን ጠፍቶ አገኘሁት። መብራት ሄዶ መምጣቱ ነበር። ሌላው ሰው ወደ እንግዳ መቀበያዋ ሴትዮ ሲሰለፍ፣ እኔ እግሬ ወደለመደበት ወስዶኝ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። ማንም ሳይነካው አንዴ ብልጭ አለና ጠቆረ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ነጭ ፊደል ይወርድ ጀመር፤ መስመር በመስመር፣ ዓይን ከሚከተለው በላይ ፈጥኖ፣ ለራሱ የሆነ ነገር እያነበነበ። አፍንጫዬ ውስጥ የኮምጣጤ ሽታ ገባ፤ ክሊኒክ ውስጥ ኮምጣጤ ከየት ይመጣል? ከኋላዬ ሕፃን በጋሪ የያዘች ያገሬ ልጅ «ማዘር፣ እሱ ሪስታርት እያደረገ ነው። ሪሴፕሽን ሄደው ቼክ ኢን ያድርጉ፣ ኢት ቴክስ ፎርኤቨር፣ ቶሎ አይነሣም» አለችኝ። «ቆይ እስኪ ልጄ፣ የሚለኝን ልየው» አልኳት። ጃጅታለች ብላ ይሆናል፣ አልፈርድባትም። ፊደሉ አልቆ የተለመደው ሰማያዊ ሥዕል መጣና የትውልድ ቀኔን ጠየቀኝ። እኔ ግን ቆሜ የጠበቅኩት ሌላ ጥያቄ ነበር። ስለ እናቴ እንዲጠይቀኝ ነበር የጠበቅኩት።

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልጆቼም አያውቁትም። ዝም ያልኩት አብሮኝ ይሠራ ለነበረው ለጀማል ብዬ ነው። ጀማል ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ሊቀየሙን ይችሉ የነበሩት እትዬ ውድነሽ ደግሞ ከእሱ በፊት ሄደዋል። እንግዲህ ቢወራ የሚያፍር የለም። ሙት ወቃሽ እንዳልባል፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚወቀስ ሰው እንደሌለ አስቀድሜ ልናገር።

ዓመቱ ስንት ነበር አትበሉኝ። አውቶቡስ ላይ አንገቱ ላይ የትኬት ማሽን ያንጠለጠለ ሰውዬ የሚዞርበት፣ ቀያዮቹ የስልክ ሣጥኖች ውስጥ በእርግጥ ስልክ የነበረበት ጊዜ ነው። ትከሻው እንደ ወታደር የሰፋ ካፖርት ፋሽን ነበር። እኔም አንድ ግራጫ ካፖርት የበጎ አድራጎት ሱቅ ውስጥ አግኝቼ ስድስት ክረምት ለበስኩት፤ የቀድሞዋ ባለቤት ኪሱ ውስጥ የሲኒማ ትኬት ረስታ ነበር፣ እሱንም አልጣልኩትም። የምኖረው ስቶክዌል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳንቲም ካልጎረሰ የማይሞቅ የጋዝ ምድጃ ባለበት አንድ ክፍል ነበር። ጥጉ ላይ የፖርቱጋሎች ሱቅ አለ፤ የደረቀ ዓሣ እንደ ሳንቃ በሩ ላይ ያቆማሉ። በአንድ ፓውንድ የተገዛ ዓሣና ድንች ጥብስ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ዛሬ በዚያ ጥግ ሳልፍ ሱቁ ቡና መሸጫ ሆኗል፤ አንዱ ስኒ የያኔውን የሳምንት አስቤዛዬን ያህላል። ታች ፎቅ ያለው ሰውዬ እሑድ እሑድ አንድ ካሴት ደጋግሞ ያጫውታል፤ በማላውቀው ቋንቋ የሚዘፈን የፍቅር ዘፈን፣ ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን አወጣው ነበር። አሁንም ሰሃን ሳጥብ ይመጣብኛል።

ሥራዬ ፓርክ ሮያል ነበር፣ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ተሳፍሬ። ሽንኩርትና ኪያር በኮምጣጤ እየዘፈዘፈ በብርጭቆ ዕቃ የሚያሽግ መጋዘን ነው። ሽታው ከፀጉር አይወጣም፤ ባቡር ውስጥ ሰው ከአጠገቤ ሲነሣ ምክንያቱን አውቀው ነበር። የእኔ ድርሻ የገባውንና የወጣውን ካርቶን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት ነው። ኮምፒውተር ስል አሁን በየኪሱ ያለውን እንዳታስቡ። ማሽኑ አንድ ነው፣ ፍሪጅ የሚያህል፣ በኋለኛው ክፍል ተቆልፎበት የሚኖር። ከእሱ በሽቦ የተያያዙ ስምንት ስክሪኖች አዳራሹ ውስጥ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ፊደላቸው አረንጓዴ ነው። ባለቤቱ እሳት ይፈራ ስለነበር ማሽኑ ማታ ማታ ይጠፋል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ሰዓቱን ባገሬ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ እኔ ተሰድጃለሁ፣ ሰዓቴ አልተሰደደም።

አለቃችን ረጅም አየርላንዳዊ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ቁልፉን ያዞርና ሻይ ሊያፈላ ይሄዳል። እኔ ብቻዬን አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ። ክረምት ከሆነ ውጭው ገና ጥቁር ነው። በመጀመሪያ ከኋለኛው ክፍል አንድ ነገር ሲተነፍስ ይሰማል፣ ቀስ በቀስ ትንፋሹ ይወፍራል። ከዚያ ከጥግ ያለው ስክሪን ይበራል፣ ቀጥሎ ያለው፣ ቀጥሎ ያለው፤ ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ፊት ለፊት አንድ በአንድ እየበሩ ወደ እኔ ይመጣሉ። የሚያበራቸው እጅ አለመኖሩን ሥራ ከጀመርኩ ከብዙ ወራት በኋላ እንኳ አልለመድኩትም። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።

ጀማልን ያወቅኩት እዚያ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ባገር ቤት ቴሌኮሙኒኬሽን ይሠራ የነበረ፤ በጅቡቲ በኩል አድርጎ እዚህ ደርሶ ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን የተበላሸ ስክሪን ከፍቶ ሲጠግን ስላዩት የማሽኑን ኃላፊነት ሰጡት። እንደ ጡብ የወፈረ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ባቡር ውስጥ ያነባል፣ ከዚያ ለእኔ ያስረዳኛል። የማታ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር እንድማር የጎተጎተኝም እሱ ነው። ማታ ማሽኑን የሚያጠፋው እሱ ስለሆነ ጠዋት የሚገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ዘመድ የሚባል እዚህ አልነበረውም። ዘመዶቹ እትዬ ውድነሽና በእትዬ ውድነሽ ዙሪያ የተሰበሰብነው ጥቂት ሰዎች ነን። እትዬ ውድነሽ የስቶክዌል አበሻ ሁሉ ዳኛ ነበሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ። ለፋሲካ እኛ ዶሮውን ስንበላ፣ ጀማል የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ለእሱ ብቻ ዓሣ ይሠሩለት ነበር። «የጀማልን ድስት እንዳትነኩ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አማረርኩበት። «እዚህ መጋዘን ውስጥ እኮ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሰው የለም። አንድ ቃል ወርውረው ያልፋሉ። እናትሽ እንዴት ናት ብሎ የጠየቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው» አልኩት። እናቴ ናዝሬት ናት፣ ልብስ ሰፊ፤ ደብዳቤዋን የጎረቤት ተማሪ ይጽፍላታል። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ስክሪኖቹ እየበሩ ወደ እኔ ሲመጡ፣ የእኔው ከሁሉም ቀድሞ በራና አማርኛ ጻፈ። ፊደላችን ያኔ ማሽን ውስጥ አልነበረም፤ አማርኛው በእንግሊዝ ፊደል ነው። «ሰብሊ፣ እንደምን አደርሽ?» ይላል። «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። «እንቅልፍ ጥሩ ነበር?» አለ። «ደህና»። «መንገድ ደህና ነበር?» «ደህና»። «እናትሽ ደህና ናት?» «ደህና» አልኩት። «ተመስገን። በይ ሥራሽን ጀምሪ» አለና ጠፋ።

ሦስት ሰዓት ላይ ጀማል ሲገባ እየሳቀ ነበር። እንዴት እንደሠራው አሳየኝ። ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያነበው ዝርዝር አለው፤ ይህን አብራ፣ ያንን ክፈት፣ ይህን ጠብቅ የሚል፣ ከላይ ወደ ታች። ጀማል ዝርዝሩ መሃል አንድ መስመር ጨመረ፤ የሰላምታዋን ፕሮግራም በሰብሊ ስክሪን ላይ ክፈት የምትል። መስመሯ መጨረሻ ላይ ነጋዴዎች ሱቃቸው ላይ «እና ልጆቹ» ለማለት የሚጽፏት ጥምዝ ምልክት፣ & የምትባለዋ፣ አለች። «እቺን እንዳትንቂያት» አለኝ። «እቺ ከሌለች ማሽኑ አንቺ መልሰሽ እስክትጨርሺ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሌላውን ስክሪን አያበራም። እቺ ካለች ግን፣ ሰብሊን ተዋት፣ ሥራህን ቀጥል ማለት ነው።» የምመልሰውን ማሽኑ ስለሚመዘግበው፣ ጀማል ሲገባ አራቱን ደህናዎቼን ያያል። «ያኔ ነው እንደምን አደርሽ ያልኩሽ የሚመስለኝ» ይል ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አደርን። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጨለማ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት አዳራሽ፣ ሕይወት የሌለው ነገር ከእንቅልፉ ተነሥቶ የእናቴን ጤና ሲጠይቅ፣ ደስታው መሃል አንዲት ቀዝቃዛ ነገር ነበረች። አሁን ስልኬ በየማለዳው ስንት እርምጃ እንደሄድኩ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ይነግረኛል፤ ልጄ ናት እንዲህ ያደረገችው። ማንም ሳይጠይቀው የሚናገር ዕቃ ለሰው ሁሉ ተለምዷል። እኔ እስከ ዛሬ የስልኩን ፊት ወደ ጠረጴዛው ደፍቼ ነው የምተኛው።

የማታ ኮሌጁ የመጨረሻ ፈተናዬ ዓርብ ሊሆን የዚያ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ እንደምን አደርሽ አለኝ፣ እንቅልፌን ጠየቀ፣ መንገዴን ጠየቀ። ከዚያ «ተመስገን። በይ ሥራሽን ጀምሪ» ብሎ ጠፋ። እናቴን ዘለላት።

ብልሽት መሰለኝ። ጣቴ ግን «ደህና» ለማለት ተዘጋጅቶ አየር ላይ ቀረ። ሦስት ሰዓት ላይ ጀማል ካፖርቱን ሳያወልቅ «ማሽንህ ተበላሽቷል፣ እናቴን ሳይጠይቅ አለፈ» አልኩት፤ እየቀለድኩ ነበር። ጀማል ጠይም ነው፣ ሲገረጣ ግን ይታወቃል። «አዎ፣ ትናንት ስነካካው አጥፍቼው ይሆናል፣ ዛሬ ማታ አስተካክለዋለሁ» አለ። ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ ጠረጴዛ አልመጣም። ምሳም አብረን አልበላንም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደብዳቤ ከመጣልኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ አሰብኩ። ባለፈው እሑድ እትዬ ውድነሽ ባልገባኝ ምክንያት አቅፈውኝ እንደነበረ አሰብኩ። የኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚደብቅ አውቃለሁ፤ እኔም የሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ፤ እናቱ ሞታበት ለወራት «ደህና ናት» እያልን ያኖርነው ሰው ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ ጠዋት አለቃችን ቁልፉን አዙሮ ሄደ። ትንፋሹ ተሰማ። ስክሪኔ በራ። እንደምን አደርሽ፣ ደህና። እንቅልፍ፣ ደህና፤ ይህኛው ውሸት ነበር። መንገድ፣ ደህና። ከዚያ «እናትሽ ደህና ናት?» አለ።

መመለሷ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አደረግኩ፣ አልታዘዝ አሉኝ። ቀና ስል ሌሎቹ ሰባት ስክሪኖች ጥቁር ናቸው። ሌላ ጊዜ እኔ እየመለስኩ እነሱ መብራት ይጀምሩ ነበር። በዚያን ቀን አንዱም አልበራም። ማሽኑ ቆሟል፣ እኔን እየጠበቀ። ጀማል ማታ ጥያቄዋን ሲመልስ መስመሯን እንደገና ጽፏት፣ ተረብሾ ያቺን ጥምዝ ምልክት ረስቷት ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ ገባ፣ ነጭ የሥራ ካፖርቱን እየለበሰ፣ የፀጉር መረቡን እያጠለቀ። አለቃችን የሻይ ኩባያውን ይዞ መጣ። ስክሪኔን አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ቋንቋዬ እንደሆነ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ የመጣለትን ቁልፍ ተጫነ። «እናትሽ ደህና ናት?» አለ ማሽኑ። ደግሞ ተጫነ። «እናትሽ ደህና ናት?» ደግሞ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በእናቴ ሞላ። አለቃችን ኋለኛው ክፍል ገብቶ አጥፍቶ አስነሣው። ለመነሣት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሁላችንም ቆመን ትንፋሹን ሰማን። ሦስቱን ጥያቄ መለስኩለት፣ አራተኛው ላይ ደርሶ ያው ቆመ። ውጭ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥሩንባ መንፋት ጀመሩ። አለቃችን በቁጣ ሳይሆን በልመና «ያንቺ ቋንቋ ነው፣ የሚፈልገውን መልሺለትና ይልቀቀን» አለኝ። ሃያ የሚሆን ሰው ዙሪያዬን ቆሞ፣ የማይገባውን ጥያቄ እያየ መልሴን ይጠብቃል።

ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ጀማል እየሮጠ ገባ፣ ካፖርቱ ሳይቆለፍ። አልጋው ላይ ሆኖ ምልክቷን መርሳቱ ትዝ ብሎት ነው። ሰውን ሰነጣጥቆ አጠገቤ መጣ።

«ሰብሊ፣ ተነሺ፣ ላስተካክለው። ምልክቷን ረስቻት ነው» አለኝ።

«ምልክቷን ተዋት» አልኩት። «እናትሽ ደህና ናት ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ጀማል ስክሪኑን ነበር የሚያየው። አማርኛ የሚሰማ ከሁለታችን በቀር አልነበረም።

«ደህና ናት ብዬ ልጻፍ ጀማል?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አለ። ድምፁ ለራሱም የተሰማው አይመስለኝም።

ደህና የሆነ ሰው ደህና ነው ይባላል፣ ሌላ ምን አለው። እኔ ያን ጊዜ አወቅኩ። ወንበሩ ሲርቅ፣ አዳራሹ ሲጠብ ተሰማኝ። ወደ ስክሪኑ ዞሬ «የለችም» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ አላሰበበትም፤ «እናትሽ ደህና ናት?» አለ። «ሞታለች» ብዬ ጻፍኩ። «እናትሽ ደህና ናት?» ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሞ ጠየቀኝ። ጀማል ፕሮግራሙን ሲሠራ አንድ መልስ ብቻ ነው የፈቀደለት። ፈረንጅ ቢሠራው ኖሮ አዎ ወይም አይደለም ብሎ በር ይተውልኝ ነበር። የኛ ሰው ሰላምታ ግን ሌላ መልስ የለውም፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ይልና በኋላ ነው የሚያወራው። ጀማል ሌላ መልስ ይመጣል ብሎ አላሰበም። እኔም ፕሮግራሙን ሲያሳየኝ አላሰብኩም።

«ይህን አላሰብኩትም» አለ ጀማል፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ ነቅዬ ልጣለው።»

አለቃችን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠየቀ። ሃያ ሲባል ጭንቅላቱን ይዞ ወደ በሩ አየ። ሁሉም እኔን ያያል። «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። «ተመስገን» አለኝ ማሽኑ። «በይ ሥራሽን ጀምሪ።» ሰባቱ ስክሪኖች አንድ በአንድ በሩ፣ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ መኪኖቹ ተንቀሳቀሱ። የእናቴን ሞት በሰማሁ በአምስተኛው ደቂቃ፣ ሃያ ሰው እያየ፣ ደህና ናት ብዬ ፈረምኩ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ የነጭ ካፖርቴን እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ። ስወጣ ጀማል ግቢው ውስጥ በባዶ በርሜሎቹ በኩል ቆሞ ይጠብቀኛል። ነገረኝ። ከተቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ያጎቴ ልጅ ለእትዬ ውድነሽ ደውላ፣ እትዬ ውድነሽ ፈተናዋን ትፈተን ብለው ለእሑድ መርዶ ቀጥረዋል። ጀማል አብሮኝ ስለሚሠራ፣ ከሌላ እንዳልሰማ እንዲጠብቀኝ እሑድ ዕለት ነገሩት። ሰኞ ጠዋት ገብቶ አራተኛውን «ደህና» ሲያይ አልቻለም። «የሞተች ሴትዮ በየማለዳው እንድትጠየቅ ማድረግ ከበደኝ» አለኝ። እኔ ሌላ ነገር እቆጥር ነበር፤ እናቴ አፈር ውስጥ ሆና፣ እኔ አሥራ ሦስት ማለዳ ደህና ናት ብያለሁ።

«አደራ በላሁ ሰብሊ» አለኝ። «እትዬ ውድነሽ አይምሩኝም።»

አያጋንንም። ከዓመት በፊት አንዲት ሴት ቪክቶሪያ ጣቢያ ላይ አንዱን አግኝታ «ለአባትህ ነፍስ ይማር» ብላ መርዶ አፈረጠችበት፤ ሰውዬው ገና አልሰማም ነበር። እትዬ ውድነሽ ቤታቸው እንዳትደርስ አሉ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሰላም አላላትም፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ያቺ ሴት ቢያንስ እኅት ነበራት። ጀማል ከዚያ ቤት ከወጣ የሚሄድበት አልነበረውም።

«አልበላህም» አልኩት። «እኔ ምንም አልሰማሁም። እሑድ እሰማለሁ።»

ምልክቷን መለሳት። ጥያቄዋን ላውጣት ወይ ሲለኝ እስከ እሑድ ትቆይ አልኩት። ለምን እንዳልኩ በደንብ አልገባኝም፤ እዚያ ማሽን ውስጥ እናቴ ገና አልሞተችም ነበር መሰለኝ፣ ገዳይዋ መሆን አልፈለግኩም። ሐሙስ ጠዋት ጠየቀኝ፣ ደህና አልኩት። ዓርብ ጠዋት ጠየቀኝ፣ ደህና አልኩት። ፊደሉ ያው አረንጓዴ፣ አኳኋኑ ያው ነው፤ እኔ ግን አሁን ሁለታችንም እያወቅን የምንዋሽ ይመስለኝ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ የሚመልስልኝ፣ መልሴን የሚያመዛዝን ይመስለኝ ነበር። ዓርብ ማታ ፈተናውን ተፈተንኩ። ስለ ማሽን አነሣስ ጥያቄ ወጣ፣ ምልክቷንም ሳልረሳ ጻፍኩ። አለፍኩ፤ ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

እሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አምስት ሰው ነበሩ። እትዬ ውድነሽ ከፊት፣ ካፖርታቸው ሥር ጥቁር ሻርፕ እየታየ። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ሁለቱ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱ ቆሙ። ጀማል መጨረሻ ገብቶ በሩ ላይ ቀረ። ምድጃው ሳንቲም ጨርሶ ክፍሉ ቀዝቅዟል። እትዬ ውድነሽ እጄን ያዙ።

«ሰብለ ልጄ» አሉ። «መቼም ሁላችንም ሟች ነን። እናትሽ ልጅ አሳድገው፣ ቆርበው፣ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

ሰዎቹ ሊይዙኝ ተዘጋጅተው ጎንበስ አሉ። እኔ ቆምኩ። ያለኝን እንባ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ጨርሼዋለሁ፤ ፈለግኩት፣ ምንም አልነበረም። ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። አንዷ «ደንግጣ ነው» ብላ አንሾካሾከች።

«ልጄ፣ ሰማሽኝ?» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«ሰማሁ፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ድምፄ አንድ ካርቶን ገባ እንደሚል ሰው ነበር።

እትዬ ውድነሽ ሞኝ አይደሉም። እጄን አልለቀቁም፣ ዓይናቸው ግን ከፊቴ ተነሥቶ በእነዚያ ሰዎች ላይ አንድ በአንድ እየተራመደ ሄዶ በሩ ላይ አረፈ። ጀማል የበሩን እጀታ ይዟል። መሬት መሬት ያያል። «ጀማል» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

ጮኽኩ። «እናቴን» አልኩ፣ ሰው እንዴት እንደሚጮኽ እያስታወስኩ፣ ደረቴን እየመታሁ፤ የመጀመሪያው ጩኸት ለጀማል ነበር፣ ሁለተኛውም ለጀማል ነበር። እትዬ ውድነሽ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንሥተው አቀፉኝ፣ «እሰይ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። እኔም በቃ አለፈ፣ አሁን ላቁም አልኩ፤ ጩኸቱ ግን አልቆም አለኝ። ታች ፎቅ ያለው ሰውዬ ካሴቱን ሳያጫውት ዋለ፤ እነሱ ሲያባብሉኝ እስከ ምሳ ሰዓት እናቴን ስጣራ ነበር።